ስደት ወይስ ምናኔ? «ኖማድላንድ» ስለ ተባለው መጽሐፍና ሲኒማ

በደብረ ታቦር፣ በፋርጣና በጋይንት ደጋ አንድ ሽማግሌ በዕድሜው ማምሻ ቤቱን ትቶ የወጣ እንደ ሆነ አገሩ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መንኖ ነው ወይስ ተሰዶ? መንኖ እንደ ሆነ ርስቱን ለልጆቹ አካፍሎ፣ ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ፣ ልጆቹ ስንቁን ይዘው እስከ አፋፉ ሸኝተውት ወደ ጣራ ገዳም ወይም ወደ ጣና ደሴቶች ይሄዳል። ቆብ በሚደፋበትም ቀን ለዓለም የሞተ ነውና እንደ ሙት ፍትሐት ይጸለይለታል። ተሰዶ እንደ ሆነ ግን ስንቅም ሸኚም የለውም። በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ዘመን በእብናት መጠለያ ተሰብስበው፣ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ደግሞ በግድ የተበተኑትን አሮጊቶችና ሽማግሎች መናንያን ብሎ የጠራቸው የለም። ሆኖም ከሩቅ ለሚያይ ሁለቱም ዘንግ የያዙ መንገደኞች ናቸው።

ጄሲካ ብሩደር የተባሉ አሜሪካዊት ጋዜጠኛ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ያሳተሙት «ኖማድላንድ»፣ ትርጓሜውም የዘላኖች ምድር፣ ይህን ልዩነት ይዞ ሊነበብ የሚገባው መጽሐፍ ነው። ነገሩ በእርጅናቸው ቤት አጥተው አልጋና ምድጃ በተሠራበት መኪና ውስጥ ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። በ2008 ዓ.ም. በአሜሪካ በደረሰው የገንዘብ ቀውስ ብዙዎቹ ቤታቸውንና ያጠራቀሙትን አጡ፤ የሚቀበሉት ጡረታም ለቤት ኪራይ የማይበቃ ሆነ። ስለዚህ በመንኰራኵር ላይ አድረው ሥራ ወዳለበት ይሄዳሉ፤ በበጋ የመናፈሻ ሰፈር ይጠብቃሉ፣ በመከር የስኳር ሥር ያነሣሉ፣ የፈረንጆች ገና ሲቃረብም አማዞን በሚባለው ታላቅ የንግድ ድርጅት መጋዘን ዕቃ ይለቅማሉ። ደራሲዋ ራሳቸው መኪና ገዝተው ከነርሱ ጋር አድረዋልና የሚጽፉት ያዩትን ነው። በመጋዘኑ የሰባ ዓመት ሽማግሌ በሲሚንቶ ወለል ላይ ሲመላለስ ይውላል፤ ለሕመሙም የማስታገሻ ኪኒን በግድግዳው ላይ በነጻ ተሰቅሎለታል። ከመጽሐፉ ሁሉ የማይረሳው ይህ ኪኒን ነው። ጡረታ የሚለው ቃል በአማርኛ ከመጦር የወጣ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ፣ ጧሪው ኪኒን ሆኖ ሲያገኘው ምን እንደሚሰማው መናገር አያስፈልግም።

በ2020 ዓ.ም. ክሎይ ዣው የተባሉት አዘጋጅ መጽሐፉን ሲኒማ አደረጉት። ሲኒማው በቬኒስ የወርቅ አንበሳን፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ከኦስካር ሽልማቶች ዋናውን፣ የአዘጋጂቱንና ፍራንሲስ ማክዶርማንድ ያገኙትን የተዋናይት ሽልማት ተቀበለ። ምስጋናው ያለ ምክንያት አይደለም። መንገደኞቹ ራሳቸው ገብተው ራሳቸውን ሆነው ይታያሉ፤ ፀሐይ ያከሰለውን ፊታቸውን ምንም ተዋናይ ሊያስመስለው አይችልም። ዋናይቱ ፈርን ግን በመጽሐፉ የሌለች፣ ለሲኒማው የተፈጠረች ባልቴት ናት። የኖረችባት ኤምፓየር የምትባል የኔቫዳ መንደር በ2011 ዓ.ም. የጂፕሰም ፋብሪካዋ ሲዘጋ የፖስታ ቍጥሯ እንኳ ከመዝገብ ተፋቀ፤ ይህ እውነተኛ ታሪክ ነው።

ጉድለቱ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። ፈርንን እኅቷ ነዪ ከእኔ ጋር ኑሪ ትላታለች፤ ወዳጇም በልጁ ቤት ክፍል ያሰናዳላታል። እርሷ ግን በለስላሳው አልጋ እንቅልፍ አጥታ ወደ መኪናዋ ትመለሳለች። እንግዲህ ቤት እያላት የተወች ሆነችና መናኝ ተደረገች ማለት ነው። መጋዘኑም ጸጥ ብሎና ንጹሕ ሆኖ ያልፋል። የቅኔ መምህር ተማሪውን አጥብቆ የሚገሥጽበት ስሕተት ይህ ነው፤ ሰሙ እጅግ ያማረ እንደ ሆነ ጆሮ በሰሙ ይረካና ወርቁን መፈለግ ይተዋል። የምዕራቡ ተራራ፣ የማታው ብርሃንና የፒያኖው ዜማ ያማሩ ሰሞች ናቸው፤ ወርቁ ግን በመጽሐፉ ቀርቷል።

የመጽሐፉ ዋና ሰው ሊንዳ ሜይ ይባላሉ፤ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አያት ናቸው። በልጃቸው ቤት ተጠግተው በሶፋ ላይ ያድሩ ነበር፤ ቤቱ ጠበበና ዐሥር ጫማ ርዝመት ባላት ተጎታች ውስጥ መኖር ጀመሩ። ልጃቸው አላባረረቻቸውም፤ ለእርሷም ቦታ አልነበራትም። ከዚህ ላይ የደብረ ታቦር አንባቢ የእነዚህ ሽማግሎች ልጆች ወዴት ናቸው ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ደራሲዋም ለልጆቹ ጥቂት ተጨማሪ ገጽ ቢሰጡ መጽሐፉ በበለጠ ነበር።

እርግጥ ነው፤ በመጽሐፉም ውስጥ መንገዱን የወደዱ፣ በእሳት ዙሪያ የሚጫወቱ አሉ። የቆሎ ተማሪም አኩፋዳውን አንግቶ ድጓውን ከቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን ከዙር አምባ ሊቀጽል ሲዞር ይስቃል፤ ሳቁ ግን ውሻ የነከሰውን እግሩን አያስክደውም።

በሲኒማው ፍጻሜ ፈርን ባዶውን የኤምፓየር ቤቷን አይታ፣ ከጓሮው ማዶ ያለውን በረሃ ተመልክታ፣ እንደ ገና መኪናዋን ታስነሣለች። በመጽሐፉ ፍጻሜ ግን ሊንዳ ሜይ በአሪዞና በረሃ ጥቂት መሬት ገዝተው ሊሠሩበት ያቀዱትን ቤት ያስባሉ፤ የዚያም ቤት ግድግዳ የሚቆመው አፈር ከተጠቀጠቀባቸው አሮጌ የመኪና ጎማዎች ነው።