ሳሌም መኩሪያ፦ ከአንድ ድምፅ ወደ ሦስት ስክሪን

እኛ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ አፍሮ ያበጠረ ወጣት ፎቶ አለ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ልጅ ሆኜ «የት ሄደ?» ስል መልሱ «ያኔ ነው» ነበር፤ ወሬውም እዚያው ያልቃል። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ፎቶ ካለ የሳሌም መኩሪያን «የወንዝ ማዕበል» ፈልጋችሁ እዩት።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠራው ይህ ዘጋቢ ፊልም ደብዛው ለጠፋ ወንድሟና ለተገደለች የልብ ጓደኛዋ የቆመ መታሰቢያ ነው። ተራኪዋ ራሷ ናት። የተማሪዎቹን አብዮትና ያስከተለውን እልቂት የምታነሳው እንደ ታሪክ አስተማሪ ሳይሆን እንደ እህት ነው። የእንግሊዝኛ ርዕሱ «ዴሉጅ» ነው፤ የጥፋት ውኃ እንደማለት። እኔን የያዘኝ ግን አማርኛው ነው። ማዕበል የባሕር ነው፤ ወንዝ ይሞላል እንጂ መቼ ማዕበል ያነሳል? ደግሞስ «የወንዜ ልጅ» ስንል ያገራችንን ሰው ማለታችን አይደል? እኔ ርዕሱን ያነበብኩት እንዲህ ነው፦ ከሩቅ ባሕር ያልመጣ፣ ከገዛ ወንዛችን የተነሳ ማዕበል።

ከዚያ በፊት የሠራቻቸው ጨዋ ፊልሞች ናቸው። «ስደት» በሱዳን የሚኖሩ ሦስት ስደተኛ ሴቶችን ያሳያል። የሃርለሟን ደራሲ የዶረቲ ዌስትን ሕይወትም ሠርታለች። ሳሌም በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን፣ «ኖቫ» በተባለው የሳይንስ ፕሮግራም ውስጥ ሠርታ ነበርና እጇ የቴሌቪዥን ሰው እጅ ነው። ጥንቁቅ ናት፤ አንዳንዴ እንዲያውም ከልክ በላይ።

ከዚያ በ2003 ቬኒስ ቢያናሌ ላይ «ራፕቸርስ» መጣ፤ ስብራቶች እንበለው። ሦስት ስክሪን ጎን ለጎን። አንዱን ስታይ ሌላው ያመልጥሃል። የቤተ ክርስቲያናችንን ባለ ሦስት ክፍል ተከፋች ሥዕል ያስታውሳል፤ ግን እዚያ መሐል ላይ እመቤታችን አለች፣ ዓይን ማረፊያውን ያውቃል። እዚህ መምረጥ ያንተ ፈንታ ነው፣ ያልመረጥከውም ያንተ ዕዳ።

ዘጋቢ ፊልም ትታ ወደ ጋለሪ ሄደች የሚላት አይጠፋም። ኧረ አልተወችም! «የወንዝ ማዕበል»ን ሳይ አንድ ነገር ቅር ብሎኝ ነበር፤ የእህት ሐዘን ሲናገር ማን ደፍሮ ይከራከራል? ያ አንድ ድምፅ ያምራል፣ ግን አፍ ያስይዛል። ለእኔ ሦስቱ ስክሪኖች የዚህ መልስ ናቸው። ዛሬ ሁላችንም የየራሳችንን ሟች ብቻ ይዘን በየስልካችን ስንሰዳደብ ሳይ፣ ይህ ቅርፅ የአርቲስት ቅንጦት አይመስለኝም።

የሚያናድደው፣ እንዲህ ያለው ሥራ በስልክ አይከፈትም፤ ክፍል ይፈልጋል፣ ጨለማ ይፈልጋል፣ መቆም ይፈልጋል። ለዓመታት ያስተማረችው አሜሪካ፣ ዌልስሊ ኮሌጅ ነው፤ ፊልሞቿንም እዚህ ካሉት ተማሪዎች ይልቅ የዚያ አገር ተማሪዎች ሳያውቋቸው አይቀሩም።

«የወንዝ ማዕበል»ን ከአባቴ ጋር አየሁት። እስኪያልቅ ቃል አልወጣውም። ሲያልቅ ተነሳና ፎቶውን ከግድግዳው አውርዶ በእጅጌው ወለወለው።

«ይሄ ኮት እኮ የተዋሰው ነው» አለኝ።