ልጁን ማን መደበው? «ዘ ብላይንድ ሳይድ»ን እንደገና ሳነበው

ስለ ፉትቦል ልጽፍ ነው ስል አርሴናልና ማንቸስተር ትዝ ያላችሁ ትኖራላችሁ። እኔ የማነሣው አሜሪካኖች የራስ ቁር አጥልቀው የሚጋጩበትን ጨዋታ ነው። አብዛኞቻችን እዚህ አገር ከገባን ሃያና ሠላሳ ዓመት ቢሆነንም ሕጉን አናውቀውም፤ ለማወቅም ብዙ አልደከምንም። ልጆቻችን ግን በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ፣ በሚኒሶታና በቴክሳስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየተጫወቱት ነው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ መልማይ ሳሎናችን ድረስ መጥቶ ቡና ሲቀርብለት ልጃችን ላይ ምን እያየ እንደሆነ መረዳት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም ባይ ነኝ። ለዚህም ማይክል ሉዊስ በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመውን «ዘ ብላይንድ ሳይድ» የተባለ መጽሐፍና ከእሱ ተወስዶ በ2009 የወጣውን ፊልም መርጫለሁ። ፊልሙን ብዙ ሰው አይቶታል፤ ሳንድራ ቡሎክም በ2010 ኦስካር ተሸልማበታለች። መጽሐፉን ያነበበው ግን ጥቂት ይመስለኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ቀላል አይደለም።

መጽሐፉ የሚጀምረው በአንድ የተሰበረ እግር ነው። ኖቬምበር 18 ቀን 1985 ማታ በዋሽንግተኑ አር.ኤፍ.ኬ. ስታዲየም የዋሽንግተን ቡድን ኳርተርባክ ጆ ታይዝማን በኒው ዮርክ ጃያንትሱ ሎውረንስ ቴይለር ተመትቶ ወደቀ፤ ከዚያች ሌሊት በኋላም አልተጫወተም። ኳርተርባክ ማለት ኳሷን ተቀብሎ ወዴት እንደምትሄድ የሚወስነው፣ የቡድኑ አእምሮ ማለት ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ከሆነ ሊወረውር ሲዞር በግራው በኩል የሚመጣበትን አያይም። ያንን የማይታይ ጎን የሚጠብቅለት ሰው ሌፍት ታክል ይባላል። የሉዊስ ክርክር ግሩም ነው፦ እንደ ቴይለር ያሉ ፈጣንና ግዙፍ ሰዎች ሲመጡ፣ በ1993 ደግሞ ተጫዋቾች ክለብ የመምረጥ መብት ሲያገኙ፣ ተመልካች ስሙን እንኳ የማያውቀው ያ ዘበኛ ድንገት ከኳርተርባኩ ቀጥሎ ከፍተኛ ዋጋ ከሚከፈልባቸው አንዱ ሆነ። ገበያው አንድ ዓይነት አካል መፈለግ ጀመረ፤ ግዙፍ፣ ክንደ ረጅም፣ እግረ ቀላል።

ይህ አካል የተገኘው በሜምፊስ ከተማ ነው። ማይክል ኦር ይባላል። ቤት አልባ ሆኖ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲንከራተት ያደገ፣ ብራያክረስት በተባለ የክርስቲያን ትምህርት ቤት በስንት ደጅ ጥናት የገባ ጥቁር ልጅ ነው። ቱሂ የሚባሉ ሀብታም ነጭ ባልና ሚስት አስጠጉት። ልብ በሉ፤ ልጁ ራሱን የሚያየው እንደ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ያውም ከቅርጫቱ ሥር የሚቆመውን ሳይሆን ከሩቅ እየነጠረ የሚመጣውን። ቶም ሌሚንግ የተባለው ታዋቂ የተሰጥኦ መርማሪ የልጁን ቪዲዮ አይቶ ሜምፊስ ድረስ ሄደ። ኦር ቃል አልተናገረውም፤ የተሰጠውንም ቅጽ ሳይሞላ መለሰለት። ሌሚንግ ግን መልስ አላስፈለገውም፤ ሌፍት ታክል መሆኑን ዓይቶ ጨርሷል። ልጁ ምን መሆን እንደሚፈልግ የሚጠይቀው ቅጽ ባዶውን ቀረ፣ ሰውየው ግን የወደፊቱን ሁሉ አነበበው። እኔን መጽሐፉን ሁለተኛ እንዳነብ ያደረገኝ ይህ ቦታ ነው። ሉዊስ ይህን እንደ መርማሪው ጥበብ ይተርከዋል። አንድ ሰው ምንም ሳይናገር ሕይወቱ መወሰኑን እንደ ጥያቄ አያነሣውም።

ተራኪውና አባወራው ሾን ቱሂ የልጅነት የትምህርት ቤት ጓደኛሞች መሆናቸውንም መዘንጋት አይገባም። ይህ ሉዊስን ውሸታም አያደርገውም፤ ካሜራው ከየትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ግን ይነግረናል። መጽሐፉን ስንጨርስ ስለ ኦር እግር ፍጥነትና ስለ ክንዱ ርዝመት ብዙ እናውቃለን፤ ስለ ሐሳቡ የምናውቀው ግን እፍኝ አይሞላም።

በመሠረቱ ልጅን ከለመደው ቦታ ወደ ሌላ ማዛወር በራሱ ክፉ አይደለም። ሌን ጆንሰን በቴክሳስ ሁለተኛ ደረጃ ኳርተርባክ ነበር። በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ጊዜ ቦታ ከተቀየረ በኋላ የማጥቃት መስመሩ ታክል ሆነ፤ በ2013 ከአገሪቱ ተመራጮች አራተኛ ሆኖ ፊላዴልፊያ ወሰደው፤ ሁለት ጊዜም ሻምፒዮን ሆነ። ጥሩ አሠልጣኝ ልጁ ራሱ ያላየውን ሊያይለት ይችላል። ጥያቄው ዝውውሩ ለማን ሲባል ነው፣ ልጁስ «አይሆንም» ቢል ምን ይከተለዋል የሚለው ነው።

በአሜሪካ ዝውውሩ ቀለም ነበረው። ጥቁር ኳርተርባክ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር «አንተ ፈጣን ነህ፣ ኳስ ተቀባይ ሁን» ወይም «ከኋላ ተከላከል» ይባል ነበር፤ ማሰብ ለሌላው ተይዟላ! ማርሊን ብሪስኮ በ1968 ዴንቨር የመለመለው ለተከላካይነት ነበር፤ በኳርተርባክነት ይሞክሩኝ ብሎ ተከራክሮ ዕድሉን ሲያገኝ በዚያው ዓመት 14 የጎል ኳሶች ወረወረ። በማግስቱ ዓመት ቦታው አልተሰጠውም፤ ቡፋሎ ሄዶ ኳስ ተቀባይ ሆነ። ቶኒ ደንጂ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ ነበር፤ በ1977 የመረጠው ክለብ ስላልነበረ ፒትስበርግ ገብቶ ተከላካይ ሆነ። ዋረን ሙን ቦታዬን አልለቅም ብሎ በ1978 የሚመርጠው ጠፋ፤ ካናዳ ተሰዶ ከኤድመንተን ጋር በተከታታይ አምስት ዋንጫ በላ። ስደት ምን እንደሆነ ለምናውቀው ለእኛ የሙን ታሪክ ማብራሪያ አያሻውም።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው እንዳይባል፣ ላማር ጃክሰን በ2016 የኮሌጅ ፉትቦል ታላቁን የሃይዝማን ሽልማት ካገኘ በኋላ እንኳ በ2018 ኳስ ተቀባይ ቢሆን ይሻላል ያሉት በእግር ኳሱ ዓለም የተከበሩ ሰዎች ነበሩ። በ2019 እና በ2023 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። ጃክሰንን ያዳነው የመርማሪ ዓይን አይደለም። ገና ከሁለተኛ ደረጃ ሲመለመል እናቱ ልጄ ኳርተርባክ እንጂ ሌላ አይሆንም ብላ አቋም ያዘች፤ የሉዊቪል ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ቃል ወሰደው። እንግዲህ ቡና የሚያፈላው ሰው መናገርም ይችላል ማለት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። በመልማዮች ዝርዝር ውስጥ ቦታው ያልታወቀ ልጅ «አትሌት» የሚል ምድብ ይሰጠዋል። ለእኛ አትሌት ማለት ኃይሌና ጥሩነሽ ናቸው፤ ክብር ነው። እዚያ ዝርዝር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ትርጉሙ «የት እንደምናደርገው እኛ እንወስናለን» ነው። የማትሪክ ውጤቱ መጥቶ ሕክምና ሲጠብቅ እርሻ የተመደበ የዕድሜ እኩያዬ ይህንን ቋንቋ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ልጁ እምቢ ቢል ምን ይሆናል? ከ1973 ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል ስኮላርሺፕ በየዓመቱ የሚታደስ ነበር፤ ለብዙ ዓመት የሚሰጥ ውል የተፈቀደው በ2012 ነው። ዓመት እየቆጠረ የሚያድስልህን ሰው እምቢ ማለት ይከብዳል። ዛሬ ሚዛኑ ተለውጧል። ከ2021 ወዲህ ተጫዋቹ ዓመት ሳይቀጣ ትምህርት ቤት መቀየር ይችላል፣ በስሙም ገንዘብ ማግኘት ይችላል። በ2025 በፍርድ ቤት የጸደቀው ስምምነት ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቹ እንዲያከፋፍል ፈቅዷል። ገንዘቡ ሲመጣ ወረቀቱም አብሮ መጣ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ ውል ሳያነቡ መፈረም ከቀድሞው ይበልጥ ውድ ሆኗል።

ወረቀት ካነሣን ወደ ኦር እንመለስ። ፊልሙ ቱሂዎችን እንደ ወላጆቹ ነው የሚያሳየን፤ ተመልካቹም በጉዲፈቻ ያሳደጉት መስሎት ወጣ። በኦገስት 2023 ኦር በሜምፊስ ፍርድ ቤት ባቀረበው አቤቱታ፣ በ2004 የ18 ዓመት ልጅ ሳለ የፈረመው ጉዲፈቻ ሳይሆን ስለ እሱ ውል የመዋዋል ሥልጣን ለቤተሰቡ የሚሰጥ የሞግዚትነት ወረቀት ነው አለ። ቱሂዎች በበኩላቸው ያንን ያደረጉት በጠበቃ ምክር የኮሌጅ ስፖርት ደንብን ለማሟላት መሆኑን ተናግረው ያላግባብ ተጠቅመዋል የሚለውን ክስ አስተባብለዋል። ዳኛዋ በሴፕቴምበር 2023 ሞግዚትነቱን ሰረዘችው። ስለ ገንዘቡ ማን ትክክል እንደሆነ እኔ አልፈርድም። እዚህ ላይ የሚገርመኝ ግን ደንቡ ራሱ ነው። ባልና ሚስቱ ሁለቱም የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ናቸው፤ ልጁም የሄደው ወደዚያው ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ አሠልጣኙ ሂው ፍሪዝም በ2005 ሥራ ያገኘው እዚያው ነው። የስፖርቱ ማኅበር ይህንን መርምሯል፤ ሉዊስም አልደበቀውም፣ እንደ አዝናኝ ገጠመኝ አለፈው እንጂ።

ከሁሉ የከፋው ፊልሙ ላይ ነው። ሴትዮዋ ወደ ልምምድ ሜዳ ገብታ ቡድኑ ቤተሰብህ ነው፣ ጠብቀው ብላ ጨዋታውን ለልጁ ታስተምረዋለች። አሠልጣኙ ያቃተውን እሷ በአንድ ደቂቃ! ኦር በ2011 ባሳተመው የራሱ መጽሐፍ ላይ በዚህ ማዘኑን ጽፏል፤ ጨዋታውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያጠና ነበርና። ፊልሙ በደመ ነፍስ የሚጠብቅ የዋህ ግዙፍ አደረገው፤ ሥራውን ያወቀ ባለሙያ አላደረገውም።

የኋላ ታሪኩን ደግሞ ሁለቱም አልደረሱበትም። ባልቲሞር በ2009 በመጀመሪያው ዙር መረጠው። በመጀመሪያው ዓመት በቀኝ አሰለፉት፤ በሁለተኛው ወደ ግራ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ቀኝ፤ እንደገና ወደ ግራ። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2013 ኒው ኦርሊንስ ላይ ባልቲሞር ሳን ፍራንሲስኮን 34 ለ 31 አሸንፎ ሱፐር ቦውልን ሲወስድ፣ የማይታየውን ጎን ይጠብቅ የነበረው ብራያንት ማኪኒ ነው። ማይክል ኦር በቀኝ በኩል ነበር።