የማን ቃል ይቋጫል? ንግግርና ሥልጣን በድሬዳዋ

ድሬዳዋን የሚያወድስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአነጋገሯ ነው። አንቱታ አይበዛባትም፤ ትልቁም ትንሹም «አንተ»፣ «አንቺ» ይባባላል፤ የመሀል አገር ሰው አዙሮ አዟዙሮ የሚናገረውን የድሬ ልጅ ፊት ለፊት ይለዋል። ከዚህ ተነስተው ብዙዎች አንድ እርምጃ ይሻገራሉ። አነጋገሩ እኩል ከሆነ ተነጋጋሪዎቹም እኩል ናቸው፣ የድሬ ሴት ደግሞ አንደበቷ የተፈታ ስለሆነ ማንም አይጫናትም ይላሉ። ምልከታው እውነትነት አለው፤ ድምዳሜው ግን አያስኬድም። ማን ደፍሮ ተናገረ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የማን ቃል ነገሩን ዘጋው? የማንስ ዝምታ እንደ እሺታ ተቆጠረ?

የሥርዓተ ጾታና የቋንቋ ጥናት ለረጅም ጊዜ ያተኮረው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው። አሜሪካዊቷ ሮቢን ላኮፍ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሴቶች የሚያመነታና የተለሳለሰ አነጋገር እንዲለምዱ ተደርገው ያድጋሉ፣ ኋላም በዚያው አነጋገራቸው ይናቃሉ ብላ ተከራከረች። በ1980 እ.ኤ.አ. ዊልያም ኦባር እና ቦውማን አትኪንስ በሰሜን ካሮላይና ፍርድ ቤቶች የምስክሮችን ቃል መርምረው ሐሳቡን አረሙት፤ አነጋገሩ ከጾታ ይልቅ ተናጋሪው በኅብረተሰቡ ውስጥ ካለው ደረጃ ጋር የተያያዘ ነው አሉ። ደረጃው ዝቅ ያለ ወንድም ያመነታል፤ በሙያዋ የተከበረች ሴት አታመነታም። እርማቱ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን እነርሱም የለኩት የንግግሩን መልክ ነው። በድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ላይ ይህ መለኪያ ይከሽፋል።

ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዋን ብቻ ሳይሆን የሥራ ክፍፍልንም አብሮ ተከለ። የባቡሩ ቋሚ ደመወዝ፣ የመካኒኩም የጸሐፊውም፣ በአብዛኛው የወንድ ሆነ። በርካታ ሴቶች የያዙት በሐዲዱ ዳር የበቀለውን ንግድ ነው፤ ጫቱን፣ ወተቱን፣ አትክልቱን፣ ከጅቡቲ የሚገባውን ጨርቃ ጨርቅ፣ ኮንትሮባንዱንም ጭምር። ይህ ንግድ ያለ አፍ አይሠራም። ነጋዴዋ በኦሮምኛ ተከራክራ ትገዛለች፣ በሶማሊኛ ሒሳብ ትተሳሰባለች፣ በአማርኛ ትሸጣለች፤ ወንዱን ደንበኛ ትቀልድበታለች፣ ትቆጣዋለች፣ ዱቤ ትከለክለዋለች። በላኮፍ መለኪያ ቢሆን «የሴት አነጋገር» የላትም። በእነ ኦባር መለኪያ ደግሞ ባለሥልጣን ናት።

ያችው ሴት ከባሏ ተጣልታ ጉዳይዋ ለሽማግሌ ሲቀርብ ግን የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። ትናገራለች፤ ይሰሟታል፤ ምናልባትም ከባሏ የተሻለ ታስረዳለች። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን የሚቋጩት ሌሎች ናቸው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ሲጠቀስ ሴትን እንደ አላዋቂ የሚቆጥር ይመስለናል። ልብ ብሎ ላነበበው ግን ከዚያ ይከፋል፤ እውቀቷን አይክድም፣ መቋጫውን ነው የሚነሳት። ሴቶች ለብቻቸው የሚነጋገሩበትና የሚወስኑበት ቦታ የለም ማለቴ አይደለም። ሐረሪዎች አፎቻ የሚሉት የመረዳጃ ማኅበር ለወንዶችና ለሴቶች ለየብቻ አላቸው፤ በሰርግና በለቅሶ የሴቶቹ አፎቻ የማይተካ ነው። እዚያ የሚለዋወጡትን መረጃ «የሴት ወሬ» ብሎ የሚያጣጥለው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በማግስቱ የሚጠቀምበት እሱው ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንባቸው ምክንያቶች አሉ ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። ከተዘረዘሩት አምስት ምክንያቶች አንዱ «ብትከራከረው» የሚል ነው። ቢያንስ በአንዱ ምክንያት የተስማሙት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩን ሴቶች ራሳቸው ጭቆናውን ወደውታል ብሎ መተርጎም ችኮላ ነው። ለጠያቂ የሚሰጥ መልስም ንግግር ነው፤ መልስ ሰጪው ምን ቢል እንደሚያስከብረው፣ ምን ቢል እንደሚያስወቅሰው አስቦ ይመልሳል። ወንዱ ለመንግሥት ጠያቂ ምን ማለት እንደሚያምር ያውቅ ይሆናል፤ ሴቷ ደግሞ ቤቷ ውስጥ የሚሠራውን ደንብ ተናግራ ይሆናል።

ሕጉም ለረጅም ጊዜ ያንኑ ደንብ ጽፎ ያስቀመጠ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ሚስት በሕጋዊ ትእዛዞቹ ሁሉ እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። አንቀጽ 644 ከዚህም አልፎ ባል የሚስቱን ግንኙነት እንዲከታተልና አካሄዷን እንዲመራ ይፈቅድ ነበር፤ ከማን ጋር እንደምትነጋገር እንኳ የእሱ ጉዳይ ነበር ማለት ነው። ይህን የሻረው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ክልሎች የየራሳቸውን ሕግ እስኪያወጡ ሲጠበቅ፣ አዋጁ በቀጥታ የሚሠራባቸው ከተሞች አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነበሩ። ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ከቤተዘመድ ሽማግሌዎች ወጥቶ ለፍርድ ቤት ተሰጠ። በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ አስተዋይ የሆነው ድንጋጌ ግን ብዙ የማይወራለት ነው፤ ዳኛው ባልና ሚስቱን በአንድነት ወይም ለየብቻ እንዲያነጋግር ይላል። ባሏ አጠገብ ተቀምጣ የምትናገረውና ብቻዋን የምትናገረው አንድ ላይሆን እንደሚችል ሕግ አውጪው ተገንዝቧል።

አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነባት ድሬዳዋ ሌላም በር አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992ም ፈቃድን ይጠይቃል፤ ነገር ግን መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደፈቀደ ይቆጠራል። በመደበኛው ፍርድ ቤትም የቀረ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል፤ መቅረቱ ግን የሚዳኝበትን ሕግ አይመርጥለትም። እዚህ ይመርጥለታል። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት አንድ የአዲስ አበባ የውርስ ክርክር ቀርቦለት፣ ተከሳሾች በግልጽ አንፈልግም ብለው ሳለ የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ማየቱ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ውሳኔውን ሻረ። ያ ውሳኔ የሚጠብቀው «አይሆንም» ብሎ የተናገረውን ነው። መጥሪያውን ተቀብላ ሱቋን ትታ መሄድ ያልቻለችው፣ ወይም ዘመድ «አትሂጂ፣ እኛ እንጨርሰዋለን» ያላት ሴት በአዋጁ አነጋገር ፈቅዳለች። በድሬዳዋ ስለ ሴት ድምፅ የሚያጠና ሰው ከገበያው ጫጫታ አስቀድሞ እነዚህን መዝገቦች ቢያገላብጥ ይሻለዋል፤ ስንቱ ፈቃድ በቃል እንደተሰጠ፣ ስንቱ ደግሞ በመቅረት እንደተገኘ የሚለየው እዚያ ነው።