በሩን ማን ቆለፈው?

ለልጆች ተረት መጻፍ የጀመሩ ወጣቶች ረቂቃቸውን ሲያመጡልኝ፣ የአትክልት ስፍራ ያላስገባ እምብዛም አይገጥመኝም። ጽጌረዳው ፈክቷል፣ ምንጩ ይንፎለፎላል፣ ልጅቷ ገብታ ትደሰታለች፣ አለቀ። እኔ አበቦቹን ዘልዬ ሌላ ነገር እጠይቃለሁ፦ አጥሩ የታለ? በሩንስ ማን ቆለፈው?

ጥያቄውን የተማርኩት ከፍራንሲስ ሆጅሰን በርኔት ነው። በ1911 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ባሳተመችው «ምስጢራዊው የአትክልት ስፍራ» ውስጥ በወጉ አስማት የሚባል ነገር የለም፤ የምናብ ተረት ወዳጆች ግን የራሳቸው አድርገውታል። የቤቱ ጌታ አርቺባልድ ክሬቨን ሚስቱ ከዛፍ ቅርንጫፍ ወድቃ ስትሞትበት፣ እሷ ትወደው የነበረውን ግቢ ዘግቶ ቁልፉን ቀበረ። በሩ 10 ዓመት አልተከፈተም። በርኔት ስለ ሐዘን ንግግር አታደርግም። የተቀበረ ቁልፍና ሐረግ የዋጠው በር ይበቃታል።

ሕንድ አገር ወላጆቿን ኮሌራ ነጥቋት ወደዚህ ቤት የመጣችው የ10 ዓመቷ ሜሪ ገብታ ስታየው፣ ቦታው የሞተ ይመስላል። ዲከን የሚባለው የገጠር ልጅ ግን ሰንጢውን አውጥቶ ደረቅ የመሰለውን ቅርንጫፍ ይቆርጥና ውስጡን ያሳያታል። አረንጓዴ ነው። መጽሐፉን ባነሳሁ ቁጥር እዚህ ቦታ ላይ እቆማለሁ። ከሁለት ምዕራፍ በኋላ ሜሪ ከክሬቨን ልጅ ከኮሊን ጋር ትገናኛለች፤ እናቱ የሞተችው እሱ በተወለደ ጊዜ ነው፣ አባቱ ሊያየው አይደፍርም፣ እሱም እሞታለሁ ብሎ አልጋ ይዟል። እሱም እንደ ግቢው 10 ዓመት ተዘግቶበታል። ይህን ግን ማንም አይነግረንም፤ ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ስላየን ከልጁ ምን እንደምንጠብቅ እናውቃለን። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፤ መጀመሪያ የታመመውን ልጅ፣ ቀጥሎ አረንጓዴውን ቅርንጫፍ አምጡ። ያው ትዕይንት ስብከት ይሆናል። በረቂቆች ላይ ብዙ ጊዜ የማርመው ይህንኑ ነው፤ ሰውየው ይገለጻል፣ ከዚያ ዛፉ መጥቶ የተባለውን ይደግማል።

የሉዊስ ካሮል አሊስ በ1865 የገጠማት ከዚህ ይመርራል። ቁመቱ 38 ሴንቲሜትር በሚሆን በር አጮልቃ ያየችው ግቢ ምንጭና አበባ የሞላበት ነው፤ ለመግባት ግን አንዴ ትገዝፍበታለች፣ አንዴ ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባታል። በመጨረሻ የምትገባው ከ12ቱ ምዕራፎች ሰባቱ ሲያልቁ ነው። ምን አገኘች? ነጭ ጽጌረዳን ቀይ ቀለም የሚቀቡ፣ አንገታችን ይቀላል ብለው የሚንቀጠቀጡ አትክልተኞች። ልጆች የሚቋምጡለት የአዋቂዎች ዓለም ቀረብ ብለው ሲያዩት ምን እንደሚመስል ከዚህ በላይ በአጭሩ የጻፈ አላውቅም።

ሲ. ኤስ. ልዊስ በ1955 «የአስማተኛው የእኅት ልጅ» ብሎ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ዋናው ነገር አገባቡ ነው። ልጁ ዲጎሪ ወደ አትክልት ስፍራው በበሩ ይገባል፣ ባላጋራው ጠንቋይ ደግሞ አጥር ዘላ ትገባለች፤ ሁለቱም የሚደርሱት አንድ ዛፍ ሥር ነው። ኦሪት ዘፍጥረትን ያነበበ ይህን ለመፍታት መምህር አያሻውም። መኃልየ መኃልይ ውስጥ ያለውን የተቆለፈ ገነት ሊቃውንቱ ለእመቤታችን ሲመስሉ እየሰማ ላደገ የእኛ አገር አንባቢማ ጭራሽ ቤቱ ነው። የልዊስ እናት የሞተችው እሱ የ9 ዓመት ልጅ ሳለ ነው፤ የታመመችውን የዲጎሪን እናት ግን ፖም ያድናታል። እንደ ጸሐፊ ይህን ስጦታ ለራሱ መስጠቱን አልነቅፍበትም።

ለእኔ ከሁሉም የሚልቀው ፊሊፓ ፒርስ በ1958 ያሳተመችው የቶም ታሪክ ነው። ወንድሙ ኩፍኝ ስለያዘው ቶም ወደ አክስቱ ቤት ይላካል፤ በጓሮ በር በኩል በቀን የሚታየው የቆሻሻ ማስቀመጫ ያለበት ጠባብ ግቢ ብቻ ነው። ሌሊት ግን የአዳራሹ አሮጌ ሰዓት 13 ጊዜ ሲደውል፣ ያው በር በሰፊ የአትክልት ስፍራ ላይ ይከፈታል። እዚያ ሃቲ የምትባል ልጅ አለች። እሱ በየሌሊቱ ይመላለሳል፤ እሷ ግን በእሱ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታድጋለች፣ ኮረዳ ትሆናለች፣ ትርቀዋለች። ኋላ ላይ ፎቅ ላይ የሚኖሩት አሮጊት፣ ወይዘሮ ባርተሎሚው፣ ራሳቸው ሃቲ ሆነው ይገኛሉ፤ ቶም ይመላለስበት የነበረው እሳቸው በሕልማቸው የሚያዩት ልጅነታቸው ነው። እዚህ የቆለፈ ሰው የለም። ጊዜ ነው የቆለፈው፤ ስለዚህ የሚቀበርም የሚገኝም ቁልፍ አያስፈልግም። ፒርስ መነሻ ያደረገችው ግሬት ሼልፈርድ መንደር ያደገችበትን የወፍጮ ቤት ግቢ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል መንገዱና ዛፉ አንድም ቦታ የማይምታታባት።

በርኔትን ግን ስለ ፍጻሜው አልምራትም። ምድሩን የቆፈረችው፣ ኮሊንን ከአልጋ ያስነሳችው ሜሪ ናት። በሩ ወለል ብሎ ሲከፈት ግን ሮጦ የሚወጣው ኮሊን ነው፤ አባትና ልጅ ጎን ለጎን በሣሩ ላይ ወደ ቤት ሲሄዱ አሽከሮቹ በመገረም ያያሉ፣ መጽሐፉም ያበቃል። የወራሹ ታሪክ የልጅቷን ዋጠው። እኔ ብሆን ቢያንስ አንድ አንቀጽ እሰጣት ነበር፤ እጇ ገና አፈር እንደያዘ፣ ከኋላቸው ስትመጣ።