ከደጃፍ እስከ ደወል፦ ትምህርት ሳይጀመር ከልጆቻችን ጋር ስለምናያቸው ፊልሞች

ጳጉሜን ስትገባ የነቀምቴ ወላጅ ሐሳብ ሁሉ ደብተር፣ ጫማና የትምህርት ቤት ልብስ ላይ ነው። ልጆቹ ደግሞ ክረምቱን በዝናብ ተከበው ከርመዋል። የወለጋ ዝናብ ሲይዝ ቶሎ አይለቅም፤ ስለዚህ መብራት ባለ ጊዜ ቴሌቪዥን፣ በሌለ ጊዜ የታላቅ ወንድም ስልክ ይታያል። ከሱቅ በፍላሽ ተጭኖ የሚመጣውም በአብዛኛው ወይ ድብድብ ነው፣ ወይ ማለቂያ የሌለው የፍቅር ተከታታይ። ታዲያ ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ቤተሰብ አንድ ላይ ተቀምጦ ስለ ትምህርት ቤት የተሠራ ፊልም ቢያይ ይጠቅመው ይሆን? ይጠቅመዋል ካልንስ የትኛው?

ስለ ትምህርት ቤት የተሠሩ ፊልሞች ብዙ ናቸው። በተለይ ከአሜሪካ የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፈር ይከተላሉ፤ የተበላሸ ክፍል፣ አንድ ጀግና መምህር፣ በመጨረሻም ውድድርና ጭብጨባ። ሲታዩ ደስ ይላሉ። ሆኖም ታሪካቸው የሚጀምረው ልጁ ክፍል ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው። የእኛ ልጆች ፈተና ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። በግምቢ፣ በነጆ ወይም በደምቢ ዶሎ ገጠር አንዱ ጫማ የለውም፤ ሌላው ቡና ለቀማ ሲደርስ ከክፍል ይቀራል፤ ሌላዋ መንገዱን ትፈራለች። ስለዚህ አንድን ፊልም በዚህ ብንመዝነው መልካም ነው፦ ከቤት ደጃፍ እስከ ትምህርት ቤቱ ደወል ያለውን መንገድ ያሳያል ወይ? በመንገዱ ላይ ያለውን እንቅፋት ማንሳት የማን ሥራ እንደሆነስ ያሳስበናል ወይ? በዚህ ሚዛን አምስት ፊልሞችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ኢራናዊው ማጂድ ማጂዲ እ.ኤ.አ. በ1997 የሠራው «የሰማይ ልጆች» ነው። ዐሊ የተባለ ልጅ የእህቱን የዘህራን ጫማ አሰፍቶ ሲመለስ አትክልት መሸጫው ደጅ ያስቀምጠዋል፤ እንደ እኛው ቆራሌው ያለ ሰው ቆሻሻ መስሎት ይዞት ይሄዳል። አባት ድሃ ነው፣ እናትም ታማለች፤ ስለዚህ ልጆቹ ጭንቀታቸውን ለራሳቸው ይዘው በዐሊ ሸራ ጫማ ሊፈራረቁ ይስማማሉ። እሷ የጠዋት ተማሪ ናት፣ እሱ የከሰዓት። በየቀኑ በጠባቡ መንደር እየሮጡ ጫማ ይቀያየራሉ። ዘህራ የጠፋውን ጫማዋን በሌላ ልጅ እግር ላይ አግኝታ ብትከተላትም፣ የልጅቷ አባት ዓይነ ስውር መሆኑን ስታይ ዝም ብላ ትመለሳለች። አባትየው ደግሞ የመስጊድ ስኳር እየሰበረ ሳለ ለራሱ ሻይ ከዚያ አንዲት አንኳር አይነካም። ስለ አማና አንድ ሰዓት ከመስበክ ይህችን ትዕይንት ማሳየት ሳይበልጥ አይቀርም። ዕድሜያቸው ለትምህርት የደረሱ ልጆች ሁሉ ሊያዩት ይችላሉ። ወላጅ ግን ሌላ ነገር ያስተውል፤ ልጆቹ ጭንቀታቸውን የደበቁት አባታቸውን ስለሚወዱት ነው። በእኛስ ቤት «አባቴ ገንዘብ የለውም» ብሎ የዝናብ ጫማ ሳይጠይቅ የቀረ ልጅ የለም?

ሁለተኛው ዐባስ ኪያሮስታሚ እ.ኤ.አ. በ1987 የሠራው «የጓደኛዬ ቤት የት ነው?» የተባለው ነው። አህመድ የጓደኛውን ደብተር ተሳስቶ ይዞ ወደ ቤቱ ይመጣል። መምህሩ ደግሞ ያ ጓደኛው የቤት ሥራውን ዳግመኛ በደብተሩ ላይ ሳይሠራ ከመጣ ከትምህርት ቤት እንደሚያባርረው ዝተዋል። አህመድ ደብተሩን ለመመለስ ወደ ሌላው መንደር ይሮጣል። ፊልሙ በሙሉ ይህ ሩጫ ነው፤ ድብድብ የለበትም፣ ሙዚቃውም ጥቂት ነው። ፈጣን ፊልም የለመደ ልጅ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ሊሰለች ይችላል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ከታገሠ ግን ልቡ ከአህመድ ጋር መሮጥ ይጀምራል። አስደናቂው ነገር ልጁን የሚያዳምጥ ትልቅ ሰው አለመገኘቱ ነው። እናቱ «የቤት ሥራህን ሥራ» እያለች በዚያው አፏ ሕፃኑን እንዲያባብል ታዘዋለች። አያቱ ሲጋራ በኪሳቸው እያለ፣ መታዘዝ ይማር ብለው ብቻ ሲጋራ አምጣ ይሉታል። እኛ ታላላቆችን ማክበር የምናስተምር ሕዝብ ነን፤ ደግም እናደርጋለን። ይህ ፊልም ግን ታናሹን ማዳመጥም የታላቅ ግዴታ መሆኑን ያስታውሰናል። ለልጅ የወዳጅነት ትምህርት ነው፤ ለወላጅ ግን ተግሣጽ ነው።

ሦስተኛው በሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ ክርክር የሚያስነሳ ነው። የሳዑዲዋ ሃይፋ አል-መንሱር እ.ኤ.አ. በ2012 የሠራችው «ወጅዳ» ሙሉ በሙሉ በሳዑዲ ዐረቢያ የተቀረጸ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው። የሪያድ ተማሪ የሆነችው ወጅዳ አረንጓዴ ብስክሌት ለመግዛት ገንዘብ ስለምትፈልግ በትምህርት ቤቷ የቁርኣን ውድድር ትመዘገባለች። ሽልማቱ 1000 ሪያል ነው። «ቁርኣንን ለብስክሌት?» ብሎ የሚቆጣ ወላጅ ይኖራል፤ ቁጣውም መሠረት አለው፣ ሥራ የሚመዘነው በኒያው ነውና። ነገር ግን ቁርኣንን በሽልማት እንድትለካው ወጅዳን ያስተማራት ማን ነው? ውድድሩን ያዘጋጁት ትልልቆቹ አይደሉምን? እኛም አገር ለሒፍዝ ውድድር ገንዘብና ቴሌቪዥን ስንሸልም ልጁ የሚያስበው የትኛውን እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን? የፊልሙ ድክመት ርእሰ መምህሯ ናት፤ ደራሲዋ ጨካኝ ብቻ አድርጋ ስላስቀመጠቻት እንደ ሰው አትታመንም። ጥንካሬው ደግሞ ልጅቷ ስታጠና ድምፅዋ እየተለወጠ መሄዱ ነው፤ በገንዘብ ፍላጎት የጀመረችው ንባብ ቀስ በቀስ ልቧን ሲነካው ይታያል። በቤታቸው የሁለተኛ ሚስት ጉዳይም ስለሚነሳ ዕድሜያቸው ከፍ ካሉ ልጆች ጋር፣ እየተነጋገሩ ቢታይ ይሻላል።

አራተኛውን በወለጋ ለሚኖር ቤተሰብ በተለየ ሁኔታ አስበዋለሁ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ዞኖች በተከሰተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የተቃጠሉም አሉ፤ ከቀዬው የተፈናቀለው ልጅ ብዙ ነው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በኮሮና ምክንያት የመላ አገሪቱ ትምህርት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ዛሬ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከአሥራ አንድ ዓመት ልጆች ጋር የሚቀመጥ ተማሪ ብርቅ አይደለም። እርሱን ከትምህርት ቤት የሚያስቀረው እፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተሠራው «የአንደኛ ክፍል ተማሪው» የተባለው ፊልም የኬንያዊውን ኪማኒ ማሩጌን እውነተኛ ታሪክ ይተርካል። መንግሥት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በነፃ ነው ባለ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ እኚህ አዛውንት በ84 ዓመታቸው ቁምጣና ካልሲ አድርገው ከሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ገቡ። በአፍሪካ አገር ስለ አፍሪካዊ የተሠራ ቢሆንም አዘጋጁ እንግሊዛዊ ነው፤ አንዳንድ ቦታም ሙዚቃው አስገድዶ ሊያስለቅሰን ይሞክራል። በቅኝ ግዛት ዘመን የተፈጸመ የእስር ቤት ሥቃይ ስለሚታይበት ለትናንሾቹ አይሆንም። ዕድሜው አልፎበት ለሚያፍረው ወጣት ግን ከብዙ ምክር ይልቅ ይጠቅመዋል። የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ ካላፈሩ እርሱ ለምን ያፍራል?

አምስተኛው የራሳችን ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያቀረበው አማርኛ ፊልም «ድፍረት» ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችን ልጃገረድ ታሪክ ይዟል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ የተፈጸመ ድርጊት ነው፤ ጠበቃዋም ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑትን መዓዛ አሸናፊን ትወክላለች። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያስመልጠው የነበረውን የቀድሞ ድንጋጌ አስቀርቷል። ፊልሙ ለሕፃናት ፈጽሞ አይደለም፤ ወላጆች መጀመሪያ ብቻቸውን ይዩት። ትችትም አለበት፤ የፍርድ ቤቱ ሙግት ሰፍቶ የልጅቷ ውስጥ ጠቧል። የመክፈቻው መንገድ ግን ከአእምሮ አይጠፋም። ሴት ልጁን ሁለተኛ ደረጃ የሚልክ አባት «ከማን ጋር ትመለሳለች?» ብሎ ሳይጠይቅ ከዚህ ፊልም አይነሣም።

እንግዲህ ፊልሞቹን እንዴት እንያቸው? ከአምስቱ አማርኛ የሚናገረው አንዱ ብቻ ነው። የነቀምቴ ልጅ ደግሞ ክፍል ውስጥ የሚማረው በኦሮምኛ ነው፤ ቤቱም ኦሮምኛ፣ አማርኛ ወይም ስልጢኛ ሊሆን ይችላል። ፋርስኛና ዐረብኛ ማን ይተረጉምለታል? መልሱ ቀላል ነው፤ የግርጌውን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ታላቅ ወንድም ወይም እህት በቤቱ ቋንቋ ይተርክ። በየቪዲዮ ቤቱ በአማርኛ ተራኪ የሚታዩ ትርጉም ፊልሞችን ሕዝባችን ከለመደ ቆይቷል። በቤት ውስጥ ሲሆን ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ተራኪው ፊልሙን አቁሞ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ልጆቹ ከሚያዩት ምስል ይልቅ የወላጃቸውን ፊት ያነባሉ። አባት ስልኩን እየነካካ «እናንተ እዩ» ካለ ፊልሙ ጊዜ ማሳለፊያ ሆኖ ይቀራል። አንድ ፊልም በሳምንት ይበቃል፤ ሶላትም ቢደርስ ይቆም፣ ፊልሙ አይሸሽም።

የሚያሳዝነው ግን የወለጋ ልጅ የራሱን መንገድ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ አለማየቱ ነው። ታሪክ ጠፍቶ አይደለም። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ ከባሪያ ነጋዴዎች መርከብ ነፃ ወጥታ፣ በኤርትራ እምኩሉ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር እ.ኤ.አ. በ1894 የታተመውን የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አዘጋጀች፤ ከ1904 ጀምሮም በነቀምቴ ኖራ ልጆችን አስተማረች። ሃይማኖቷ ከእኛ የተለየ ቢሆንም፣ በባርነት የተሸጠች ልጅ መምህር ሆና ወደ ሕዝቧ መመለሷ ለማንም ልጅ ሊታይ የሚገባ ታሪክ ነው። እንደዚሁም ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩበት በቤጊ አካባቢ ሉሕ ታቅፎ ጠዋት ቁርኣን ቤት፣ ከዚያ ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት የሚሮጥ ልጅ አለ። የዘህራና የዐሊ ሩጫ ከዚህ ልጅ ሩጫ በምን ይበልጣል? ካሜራ የያዙ ወጣቶቻችን ሠርግ ከመቅረጽ ጎን ለጎን ይህን ቢያስቡበት ምን ይላችኋል?

ውድ ወላጆች፣ በሲራ እንደተነገረው ከበድር ዘመቻ በኋላ መጻፍ የሚችሉ ምርኮኞች ለነፃነታቸው ዋጋ እያንዳንዳቸው አሥር የመዲና ልጆችን እንዲያስተምሩ ተደርጓል። ያ ማኅበረሰብ ገንዘብ የሚያስፈልገው ድሃ ማኅበረሰብ ነበር፤ ይሁንና ከቤዛ ገንዘብ የልጆቹን ማንበብ አስቀደመ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንቅፋቱን ለማንሳት ልጆቹ እስኪጠይቁ አልጠበቁም። እኛም ፊልሙ አልቆ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ልጆቻችንን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ «ዘንድሮ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ የሚያስቸግርህ ምንድን ነው?» መልሱ ጫማ ይሆናል፤ ደብተር ይሆናል፤ እፍረት ወይም ፍርሃት ይሆናል። ደወሉ ሳይደወል ብንሰማው፣ ኢንሻ አላህ፣ ልናነሳው የምንችለው ብዙ ነው። ወላሁ አዕለም።