«ከመምሸቱ በፊት»፤ ስለ ኩባው ደራሲ የተሠራው ፊልምና የእኛው በዓሉ ግርማ

ጁሊያን ሽናብል የተባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2000 ያዘጋጀው «ከመምሸቱ በፊት» የተሰኘው ፊልም የኩባዊውን ደራሲ የሬይናልዶ አሬናስን ሕይወት ይተርካል። ፊልሙ በዚያው ዓመት በቬኒስ የሲኒማ ውድድር የዳኞችን ልዩ ሽልማት አገኘ፤ አሬናስን ሆኖ የተጫወተው ስፔናዊው ኻቪየር ባርዴምም የምርጥ ተዋናይነቱን ሽልማት ወሰደ። ከስምንት ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ የዳኞችን ልዩ ሽልማት የተቀበለው የእኛው ኃይሌ ገሪማ ነው፤ «ጤዛ» በተባለው ፊልሙ። ሁለቱም ሥራዎች አብዮታዊ መንግሥት ስላሳደደው የተማረ ሰው የሚናገሩ ስለ ሆነ፣ አንዱን ያየ ሌላውንም ሊያይ ይገባዋል። ይሁን እንጂ «ጤዛ»ን በአድናቆት የሚመለከት ተማሪ ሁሉ የመጀመሪያውን እስከ መጨረሻው ተቀምጦ አይመለከተውም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አሬናስ ወንድ ሆኖ ወንድን የሚያፈቅር ሰው ነበር፤ ፊልሙም ይህን አይሸሽግም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ምክንያት ፊልሙን ለመተው የማይበቃ መሆኑን ማስረዳት ነው። እንዲያውም እኔ እንደሚመስለኝ ፊልሙ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች የሚጠቅመው በዚሁ በሚያስቸግረው በኩል ነው። መንግሥት አንድን ደራሲ ሊያጠፋ ሲነሣ ጥላቻን ከራሱ አመንጭቶ አያመጣም፤ ከጎረቤት ይበደራል። ፊልሙ ብድሩ እንዴት እንደሚፈጸም ከማሳየቱም በላይ አበዳሪውን ጭምር ያሳያል።

አሬናስ እ.ኤ.አ. በ1943 በምሥራቃዊው የኩባ ክፍል፣ በኦልጊን ከተማ አቅራቢያ፣ ከደኃ ገበሬ ቤት ተወለደ፤ ያደገውም ያለ አባት ነው። ፊልሙ የሚከፈተው በአፈር፣ በዝናብና በዛፍ ነው፤ ሽናብል ሠዓሊነቱ ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ሕፃኑ በዛፍ ግንድ ላይ ግጥም በስለት ይቀርጻል፤ አያቱ ደግሞ መጥረቢያ አንሥተው ዛፎቹን ይጥላሉ። ልብ እንበል፤ በዚህ ጊዜ አብዮት የለም፤ ካድሬም የለም፤ የጸጥታ መኰንንም የለም። መጥረቢያው ግን በቤት ውስጥ አለ። ዳይሬክተሩ አስቦበት ይሁን ሳያስብበት፣ ከፊልሙ ሁሉ ይህ ትዕይንት ነገሩን ከሥሩ ይይዘዋል።

ፊልሙ ለአብዮቱ ፍትሕ አይነፍግም። የፊደል ካስትሮ ጦር እ.ኤ.አ. በጥር 1959 ድል ሲያደርግ የገጠሩ ልጅ ደስታ ከልብ ነው፤ ትምህርት ያገኘው፣ ሃቫና ገብቶ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ሥራ የያዘው በአብዮቱ ነው። የመጀመሪያ ልብ ወለዱም እ.ኤ.አ. በ1967 በዚያው በኩባ ታተመ። በሕይወቱ ሳለ በአገሩ የታተመለት መጽሐፍ ግን ያ አንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛው በድብቅ ወጥቶ በፈረንሳይና በሜክሲኮ ታተመ፤ ይህም ራሱ ወንጀል ተደርጎ ተቈጠረበት።

ነገሩ ከየት እንደ ጀመረ ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1961 «ፒ.ኤም.» የተባለ አጭር ፊልም በሃቫና ታገደ። በፊልሙ ውስጥ የሚታየው ሕዝብ በሌሊት ሲጠጣና ሲጨፍር ብቻ ነው፤ አንድም የፖለቲካ ቃል የለበትም። ካስትሮም በዚሁ ሰበብ ደራስያንን ሰብስቦ፣ በአብዮቱ ውስጥ ሁሉም እንደሚፈቀድ፣ በአብዮቱ ላይ ግን ምንም እንደማይፈቀድ ነገራቸው። የውስጡንና የውጭውን ድንበር የሚያሰምረው ማን እንደ ሆነ ግን አልተነገረም። ከ1965 እስከ 1968 ደግሞ ወንድ የሚያፈቅሩ ወንዶች፣ የይሖዋ ምስክሮች፣ ሌሎችም አማኞችና ፀጉራቸውን ያስረዘሙ ወጣቶች በአንድነት ወደ ሥራ ካምፕ ተጋዙ። እነዚህን ሰዎች አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? ሃይማኖታቸው አይደለም፤ አሳባቸውም አይደለም። ጎረቤት አስቀድሞ የናቃቸው መሆናቸው ነው።

በእኛም አገር በደርግ ዘመን «ጴንጤ» የሚለው ቃል ምን ሥራ እንደ ሠራ ማስታወስ ይበቃል። ቃሉ የሰፈር ስድብ ነበር፤ ካድሬው ተቀብሎ «የኢምፔሪያሊዝም መሣሪያ» የሚል ትርጓሜ ጨመረበት፤ ቤተ ክርስቲያኖች ተዘጉ፤ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ስድቡን ለካድሬው ያቀበለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተጠየቀም።

አሬናስ የተያዘው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የአያያዙ ታሪክ ከልብ ወለድ የተወሰደ ይመስላል፤ በባሕር ዳርቻ ንብረት ተሰርቆ ለፖሊስ ቢመለከት፣ ሌቦቹ ስለ ጠባዩ ከሰሱት፤ ተበዳዩም ተከሳሽ ሆነ። የተከሰሰው በመጽሐፉ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። መጽሐፍ በአደባባይ ቢከሰስ ክርክር ይነሣል፤ ስለ መኝታ ቤቱ ከተከሰሰ ግን ማንም አይከራከርለትም። ከእስር አመለጠ፤ በሃቫና አጠገብ ባለው በሌኒን መናፈሻ ውስጥ ተደብቆ ከረመ፤ መብራት ስለሌለውም ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጽፍ ነበር። የሕይወት ታሪኩም፣ ከዚያ የተወሰደው ፊልምም ስማቸውን ያገኙት ከዚህ ነው።

ቀጥሎ ያለው የኤል ሞሮ እስር ቤት ክፍል ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠው ነው። እስረኞቹ ነፍሰ ገዳዮችና ወንበዴዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም መጻፍ አይችሉም። አሬናስ በየፍርድ ቤቱ በር እንደሚቀመጡት የእኛ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ለሚስቶቻቸውና ለወዳጆቻቸው ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል፤ ዋጋው ሲጋራ ነው። መንግሥት ያልፈለገውን ብዕር ወንበዴዎቹ ፈለጉት። ባርዴም በዚህ ክፍል ፊቱን የሚያነሣበትና የሚደፋበት አኳኋን ብቻውን ሽልማቱን የሚያሰጠው ነው። ጀግና ለመምሰል አይሞክርም፤ ይፈራል፤ በመጨረሻም የቀረበለትን የጸጸት ወረቀት ይፈርማል። ዳይሬክተሩ ይህን ሳይደብቅ ማሳየቱ የሚያስመሰግነው ነው።

ጉድለቶቹንም መናገር ይገባል። ታዋቂው አሜሪካዊ ተዋናይ ጆኒ ዴፕ የሴት ልብስ የሚለብሰውን እስረኛም፣ መርማሪውን መኰንንም ሆኖ ይጫወታል። አሳቢው ጥሩ አስቧል፤ ሆኖም ተመልካቹ «ይህ እሱ አይደለም እንዴ?» እያለ እስረኛውን ይረሳዋል። ከዚህ የሚከፋው የቋንቋው ነገር ነው፤ ግጥሙ በስፓኝ ቋንቋ ይነበባል፤ ሰዎቹ ግን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይነጋገራሉ። በቋንቋው ምክንያት የታፈነ ሰው ታሪኩ በሌላ ሰው ቋንቋ ሲነገር ጆሮን ይቆረቍራል። በአየር ፊኛ የሚደረገው የማምለጥ ሙከራም ለዓይን ያማረ ቢሆንም ከታሪኩ አይጋጠምም። የኩባን ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ መስማት የሚወድ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በቶማስ ጉቲዬሬዝ አሌያና በኹዋን ካርሎስ ታቢዮ በዚያው በኩባ የተሠራውን «እንጆሪና ቸኮላት» ይመልከት፤ ወንድ የሚያፈቅር ሰውና አንድ የኮሚኒስት ወጣት ወዳጅ ሲሆኑ የሚያሳይ ነው። ካስትሮ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ለአንድ የሜክሲኮ ጋዜጣ በሰጠው ቃል ለዚያ ማሳደድ ኀላፊነቱ የእኔ ነው ብሏል።

እ.ኤ.አ. በ1980 ከማሪየል ወደብ 125,000 ያህል ሰዎች ኩባን ለቀው ወጡ። መንግሥት «ዝቃጮች ይውጡልኝ» ስላለ፣ አሬናስ የታሰረበት ጠባይ የመውጫ ፈቃድ ሆነለት። ደራሲ መሆኑ ቢታወቅ ግን አይለቀቅም ነበር። ፊልሙ ይህን ምርመራ በጥቂት ደቂቃ ያሳያል፤ ቢሮ ውስጥ ያሉት ሰዎች እንዲራመድ ያዝዙታል፤ ይራመዳል፤ ማኅተሙ ይመታል። ተመልካቹ ይስቃል፤ ከሳቁም በኋላ ያፍራል።

ያ ዓመት በእኛ አቈጣጠር 1972 ነው። የኩባ ወታደሮች በኦጋዴን ከእኛ ወታደሮች ጋር ከተዋጉ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በሺህ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆችም ለትምህርት ወደ ኩባዋ የወጣቶች ደሴት መሄድ ጀምረዋል። የእኛ ልጆች ሲገቡ አሬናስ ይወጣ ነበር ማለት ነው። በዚሁ ዓመት በዓሉ ግርማ «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ንና «ደራሲው»ን አሳተመ። በዓሉ በዚያን ጊዜ የመንግሥት ሰው ነው፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ነው። በ1974 ዓ.ም. ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ወርዶ ያየውን «ኦሮማይ» አድርጎ ጻፈው፤ መጽሐፉም በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ወጣ። ወዲያው ከየመደብሩ ተለቅሞ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራ ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ደብዛው ጠፋ። በአደባባይ የቀረበበት ክስ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ስለ ሁለቱም በአንድ አጠራር የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። በዓሉን አንቱ፣ አሬናስን አንተ ብል ክርክሬ ገና ከጅምሩ ይፈርሳል። ስለ በዓሉ የምንናገረው «ደራሲ በጻፈው አይጠፋም» ብለን ከሆነ፣ ቃሉ አሬናስን ካልጨመረ ስለ ደራሲ መናገራችን አይደለም፤ ስለ ወገናችን ብቻ ነው። በአገራችን ሕግ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ዛሬም ወንጀል ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 629 ይደነግገዋል። በበኩሌ አሬናስ የታሰረበት ነገር ሰውን ወኅኒ የሚያስገባ አይመስለኝም። በዚህ የማይስማማኝ አንባቢ እንኳ ቢሆን፣ ያ ክስ መጽሐፍን ለመቅበር የተቈፈረ ጕድጓድ መሆኑን ፊልሙን አይቶ ሊክድ አይችልም።

ፊልምና አብዮት በእኛ አገር የተዋወቁት በወሎ በኩል ነው። ከቆቦና ከወልድያ አንሥቶ እስከ መርሳ፣ ግራናና ውርጌሳ ባለው ቆላ ሕዝቡ በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በረሀብ ሲያልቅ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ መጥቶ አንድ ፊልም አነሣ። ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ሥዕል ጋር አጋጥሞ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ፊልሙ ያሳየው እውነት ነበር፤ ቍጣውም የተገባ ነበር። ነገር ግን ቍጣውም ቢሆን ብድር ነበር፤ ተበዳሪው ምን እንዳደረገበት የግራና ሰው አይቶታል። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ በዚያው በወሎ ሌላ ረሀብ ገባ፤ በመስከረም 1977 መንግሥት የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ በዓሉ ከጠፋ ሰባት ወር ሆኖት ነበር።

«ጤዛ» ይህን ዘመን ከውስጥ ያውቀዋል። ባለታሪኩ አንበርብር ከጀርመን ትምህርቱን ጨርሶ ይመጣል፤ በስብሰባ መካከል ቆሞ ራሱን እንዲሂስ ይገደዳል፤ ወዳጁ ተስፋዬ ዓይኑ እያየ ይገደላል። ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ በዋሻ ተደብቀው የሚያድሩበትን ትዕይንት ለመረዳት የየጁ ገጠር ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ኃይሌ ገሪማ ከሽናብል የሚበልጠው ደግሞ በአንድ ነገር ነው፤ የእሱ ምሁር ንጹሕ ተበዳይ ብቻ አይደለም፤ እሳቱን ለማንደድ እንጨት ከተሸከሙት አንዱ ነው። አሬናስም እንዲሁ በልጅነቱ አብዮተኞቹን ሊቀላቀል ሄዶ ነበር፤ ሽናብል ግን ይህን ነክቶት ያልፋል።

ሆኖም አንበርብር ሐኪም ነው፤ ደራሲ አይደለም። ስለ በዓሉ ፊልም የሚሠራ ሰው ከሽናብል የሚማረው ብዙ ነው፤ የማይማረው ግን መጨረሻውን ነው። አሬናስ ኒው ዮርክ ገብቶ፣ በኤድስ ታሞ፣ የተወረሰበትን ሁሉ እንደገና ጽፎ፣ የስንብት ደብዳቤውን ሳይቀር አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1990 ሕይወቱን በገዛ እጁ አሳለፈ፤ ሽናብልም ያንን ክፍል፣ ያንን አልጋ፣ በአጠገቡ የተቀመጠውን ወዳጁን ላሳሮን ሊያሳየን ቻለ። ከበዓሉ እጅ ግን የመጨረሻውን ሰዓት የሚናገር አንድም መስመር አልደረሰንም። ፊልም ሠሪው ካሜራውን የሚተክልበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ በቃሊቲ መንገድ ዳር የቆመችው፣ ባለቤቷ የሌለባት ቮልስዋገን።