ቲፎዞና ተስቦ

«ቲፎዞ» የሚለውን ቃል የወረስነው ከጣልያንኛ ነው። ሥሩ «ቲፎ» የተስቦ በሽታ መጠሪያ መሆኑን ያወቅሁ ዕለት ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቄ ግን አልቆየም። እዚሁ ኧርቪንግ ውስጥ የአሥራ አምስት ዓመት ወዳጅነት የነበራቸው ሁለት ወንድሞቻችን፣ አንዱ የአርሰናል ሌላው የማንቸስተር ዩናይትድ ቲፎዞ፣ አንድ ቅዳሜ በተወራወሩት ቃል ተኳረፉ። የአንደኛው እናት አዲስ አበባ ሲያርፉ ሌላው ለቅሶ አልደረሰም። ሁለቱም እንግሊዝን በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

ውድ አንባቢያን፣ የተማረው ወገናችን ይህን «የሥራ ፈት ነገር» ብሎ ያልፈዋል። እኔ አልስማማም።

ሄንሪ ታጅፈልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት የብሪስቶል ተማሪዎችን «የትኛውን ሰዓሊ ትመርጣለህ?» በሚል ተራ ሰበብ ለሁለት ከፈሏቸው። ልጆቹ ገንዘብ አከፋፍሉ ሲባሉ ለወገናቸው አደሉ። የወገናቸው ድርሻ ቢያንስም እንኳ ከሌላው መብለጡን የመረጡ ነበሩ። ሮበርት ቻልዲኒ ደግሞ በ1976 ባወጣው ጥናት፣ የአሜሪካ ተማሪዎች ቡድናቸው ካሸነፈ በኋላ ባለው ሰኞ የትምህርት ቤታቸውን ልብስ በብዛት እንደሚለብሱ አሳየ። ሲቀናው «አሸነፍን»፣ ሳይቀናው «ተሸነፉ» ወደ ማለት ያዘነብላሉ።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። ካውቦይስ ከ1971 እስከ 2008 የተጫወተበት ቴክሳስ ስታዲየም እዚሁ ኧርቪንግ ነበር። የጣሪያው መሐል ክፍት ነበር፤ «እግዚአብሔር ቡድኑን እንዲያይበት ነው» ይባል ነበር። በኤፕሪል 2010 በፈንጂ ሲፈርስ ሕዝቡ እንደ ቀብር በማለዳ ወጥቶ ሸኘው።

አገር ቤት ሰው ዕድር፣ ማኅበር፣ ዕቁብ፣ ሰፈር ነበረው። እዚህ በሁለት ሥራ የሚባዝን ሰው ቅዳሜ ጠዋት ማልያውን ሲለብስ «እኛ» የሚልበት ቦታ ያገኛል። አዲስ አበባ በዲኤስቲቪ ቤት የሚጋፋው ሥራ አጥ ወጣትም በሳምንት አንድ ቀን አሸናፊ የመሆን ዕድል ይገዛል። ተስቦ በመጨናነቅ ይዛመታል፤ ይህኛው ግን በብቸኝነት።

ደግሞስ ሳቂው ማን ነው? በጁላይ 2012 የስፖርት ፌዴሬሽናችን ዳላስ፣ ተገንጥሎ የወጣው ዋሽንግተን በአንድ ሳምንት ውድድር ሲያዘጋጁ «የቱ ጋ ትሄዳለህ?» የወገን መለያ ጥያቄ ሆኖ ነበር። ያን ሰሞን ከምሁሮቻችን ማልያ ያልለበሰ ስንቱ ነው?

ቡድን መውደድ ነውር የለውም። በሽታ የሚሆነው «እነሱ» ካልተጠሉ «እኛ» መቆም ሲያቅተን ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ የተቃራኒው ቲፎዞ እናት ሲሞቱ ለቅሶ እንደርሳለን ወይ?

ሁለቱን ወንድሞቻችንን ለማስታረቅ በመጪው እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን ልንሄድ ተቀጣጥረናል። ማልያ ለብሶ የሚመጣ ሽማግሌ ግን አንቀበልም።

ቸር ይግጠመን።